ስጋ ያልነካው ድስት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11፣ ሞያሌ

ዛሬ አንድም ሳይቀር አለቀልኝ! ወደ ናይሮቢ ለሚወርዱት ሾፌሮች የጾም ሽሮ በቻፓቲ ጠቅልዬ መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። "ይጣፍጣል፣ ርካሽ ነው" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብጮህ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዛሬ ግን አንዱን ሾፌር "ወንድሜ፣ ለምንድነው የማትገዛኝ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እህቴ፣ እናንተ ሙስሊሞች ናችሁ፤ ረቡዕም ስጋ ትሠራላችሁ። ድስቱን ስጋ እንዳልነካው በምን አውቃለሁ?" አለኝ።

ለካ ያሳሰባቸው ጣዕሙ አልነበረም! ጓዳ አስገብቼ ለብቻው የሰቀልኩትን አዲስ ድስት አሳየሁት። አፍንጫውን ከትቶ አሸተተ፣ ሳቀ፣ ወጥቶም ጓደኞቹን ጠራልኝ።

አመሻሹ ላይ ባሌ ስጋ ሊቀቅልበት ያንኑ ድስት አወረደ። "አስቀምጠው፣ የጾም ነው!" ብዬ ስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

ይስማ! እሱም ማስታወቂያ ነው።