ቀይ ሆኖ ያደረ ጠመንጃ

ጥቅምት 4
ከጅዳ ከመጣሁ አምስተኛ ቀኔ። ልብስ አጠብኩ፣ ጎመን ቀነጠስኩ። ከሰዓት ሽንብራ ፍለጋ ቆጥ ላይ ወጥቼ የአያቴን ምንሽር ጠመንጃ አገኘሁት። ዝጎ... እጄን ቀይ አደረገው። ወንድሜ አለምነው በየሳምንቱ ሲወለውለው አልነበር?

«አባባ፣ ይሄ እንዴት ዛገ?»

«ልጁ መተማ ነዋ። ሰሊጥ አጨዳ።»

ስልኩስ ስላቸው፣ ጠፍቶበታል አሉኝ። የእሱ ነገር... ሲመጣ ላስገርመው። እንደ አዲስ አጠቁረዋለሁ።

ጥቅምት 5
ደብረ ታቦር፣ ደረጄ ብየዳ ቤት። አብሮ አደጋችን ነው። ጥቁር ቀለም ሽጥልኝ ስለው ሳቀብኝ።

«ቀለም ይላጣል። ዝገትን የሚያቆመው ራሱ ዝገት ነው።»

ብረቱን አጽድቼ ኮምጣጤና ጨው እቀባዋለሁ። ቀይ ዝገት ያወጣል። ውሃ ውስጥ ሲፈላ ያ ቀዩ ይጠቁራል። በሽቦ ፈትጌ እንደገና... አምስት ስድስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ዘይት። «ቀይ እንደሆነ ግን እንዳታቆዪው፣ ይበላዋል» አለኝ። ብረቱን ማፍሊያ የሚሆን አሮጌ የጣራ አሸንዳም ሰጠኝ።

ለአለምነው ነው አልኩት። ፊቱን ወደ ሥራው መለሰ። ምን አስቀየምኩት?

ጥቅምት 7
ሁለተኛ ዙር። እንጨቱን ነቅዬ ብረቱን ብቻ ነው የማፈላው። ገና ግራጫ ነው፣ ግን እየጠቆረ ነው። አባባ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በቃሽ አይሉ፣ ጎበዝ አይሉ። «አለምነው ሲያገባ ለሠርጉ ይፎክርበታል» ብዬ ሳቅሁ። ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። እርጅና ሆድ ያስብሳል መሰል።

ጥቅምት 8
ሦስተኛውን ቀባሁ። ነገ ጠዋት አፈላዋለሁ።

ጥቅምት 12
አለምነው የለም።

ጥቅምት 13
ልጻፈው። ጥቅምት 9 ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባታችን፣ አክስቴ ዓለሚቱ፣ አጎቴ እሸቴ... ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሳያቸው ገባኝ። ቄሱ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ነበርኩ። ወባ ነው አሉ። እዚያው መተማ። አምና፣ ኅዳር ላይ።

አሥራ አንድ ወር። በደወልኩ ቁጥር «አለምነው ሰላም ብሎሻል» ይሉኝ ነበር። ማን ነው ሰላም ያለኝ?

የሟች መሣሪያ ተይዞ ነው የሚለቀሰው፣ ወጉ ነው። እሸቴ ገብቶ አወጣው። እንጨት የሌለው ባዶ ብረት፣ ቀይ እንደሆነ። ከፍ አድርጎ ሲይዘው ዝገቱ ነጭ ኩታው ላይ ታተመ። አንዲት ሴትዮ «የወንድ ልጅ መሣሪያ እንዲህ ይጣላል?» አለች። አባባ ሰሟት።

«አልተጣለም። እህቱ እያሳመረችለት ነው።»

ይህን ብለው አለቀሱ። ለሠርጉ ስል ለለቅሶው ነበር የማሳምረው። እያወቁ ዝም ብለው አዩኝ።

ጥቅምት 14
አባባን አላናገርኳቸውም። ምሳ አቅርቤ ወጣሁ።

ጥቅምት 16
ዛሬ አባባን ተናገርኳቸው። «ሁላችሁም እያወቃችሁ እንደ ሞኝ አስፈተጋችሁኝ።»

ጉቶው ላይ ተቀመጡ። «ሰው አገር ብቻሽን ስታለቅሽ ማን ያነሳሻል ብለን ነው።»

«ከመጣሁ በኋላስ አባባ?»

«ዘመድ እስኪሰበሰብ አልኩ። ኋላ ደግሞ ስትስቂ አየሁሽ። አንድ ቀን ልጨምርላት አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ።»

ምን ይባላል? ንዴቴ አልወጣልኝም። እሳቸው ግን እሳት ለኮሱ፣ አሸንዳውን ራሳቸው ጣዱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያን ብረት ነክተውት አያውቁም ነበር። አብረን አፈላነው። ቀዩ ጠቆረ። ሥሩን ግን ለቅሶ ላይ ሳለን በልቶታል፣ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል።

«ይሄ አይጠፋም» አልኩ።

«አይጠፋም» አሉ። ቀጥለው «ኤደን እንዳትሰማ» አሉኝ። ታናሻችን ናት፣ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ኮንትራቷ ስምንት ወር ይቀረዋል። እሷም አልሰማችም...

እኔ አልዋሽም አልኳቸው። በእኔ የደረሰው በእሷ አይደርስም።

ጥቅምት 19
የመጨረሻው ዙር አለቀ። ደጅ ተቀምጬ ዘይት ስቀባ ስልኬ ጮኸ። ኤደን፣ በኢሞ፣ ድምፅ ብቻ። አባባ ከጎኔ ነበሩ። አንገታቸውን ደፉ።

«ውዴ፣ አለምነው መጣ ወይ? እስቲ አገናኚኝ። ድምፁ ናፈቀኝ።»

ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። በስልኩ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፣ እመቤቲቱ በዓረብኛ ትጮኻለች። ኤደን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፣ ወጥ ቤት ተደብቃ መሆን አለበት። ብትወድቅ ማን ያነሳታል?

«መጥቷል» አልኳት። «የአያታችንን ጠመንጃ እያጠቆረ ነው። እጁ ዘይት በዘይት ነው፣ ስልክ መያዝ አይችልም።»

ሳቀች። «ምንም አልተለወጠም በይኛ።»

«አልተለወጠም።»

ነገ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ፣ እጁን ታጥቦ ይጠብቀኝ አለች። እሺ አልኳት።