አንተ የቀመስከው ውሃ

ጥር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.
ከቤት

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ጸጋና ሰላም በአንተ፣ በባለቤትህና በልጆችህ ላይ ይብዛ። እንደምን ከርመሃል? ገናን እንዴት አሳለፋችሁ? የዲላ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ትንሿ ልጅህ ጉንፋን ይዟታል ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ተሻላት? እኛ በዚህ አለን። እንሰቱ ደህና ነው። ቡናው ዘንድሮ አላሳፈረንም። ላሟም ወልዳለች፣ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ጎረቤቱም ሁሉ ሰላም ይልሃል፤ አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ ከጥርሱ።

በዚህ ዘመን ደግሞ ደብዳቤ ምን ይሉታል ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ስልክህን ብደውል ብደውል የምታነሳው ጸሐፊህ ናት። ስብሰባ ላይ ናቸው ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን እህቱ ነኝ እላት ነበር። አሁን ድምፄን ለምዳዋለች መሰለኝ ገና ሃሎ ስል ስብሰባ ላይ ናቸው ብላ ትዘጋዋለች። ይሄ የማያልቅ ስብሰባ ምን ወልዶ እንደሚያድር አንድ ቀን ትነግረኛለህ። ለዚህ ብዬ ወረቀቱን ቡና ጭኖ ወደ ዲላ ለሚወርደው የአይሱዙ ሹፌር ለዚያድ ሰጥቼዋለሁ፤ በሚስትህ እጅ ያስገባልኛል። ሚስትህን ስብሰባ ላይ ናቸው የሚላት የለም።

የምጽፍልህ ስለ ቦኖው ነው። አንተ ሪባኑን ቆርጠህ ከሄድክ ወዲህ የሆነውን አታውቅም። ወይም ታውቃለህ፣ ግን ማንም እንዲነግርህ አትፈልግም። ሁለቱም አንድ ነው፤ ዛሬ እኔ እነግርሃለሁ።

እኔ የቀበሌው ምክር ቤት አባል መሆኔን ታውቃለህ። አባል ማለት እጅ አንሺ ስትባል የምታነሳ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ሊቀመንበሩ ታሪኩ ሰበሰበንና ቦኖ ለቀበሌያችን ተፈቅዷል፣ ቧንቧው የሚሳበው ከታችኛው ወንዝ ነው አለን። ተነሣሁ። ያ ወንዝ ከቡና ማጠቢያው ሥር ነው የሚያልፈው፣ በለቀማ ወራት የማጠቢያው ቆሻሻ ሁሉ ይለቀቅበታል፣ እንኳን ለሰው ለከብትም አይሆንም፣ ለምን ከላይኛው ምንጭ አይሳብም ብዬ ጠየቅሁ። አብሮት የመጣው የውሃ ባለሙያ መነጽሩን ወልውሎ ውሃው ተመርምሮ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል አለ። መቼ ተመረመረ ስለው በሐምሌ አለኝ። በሐምሌማ ምን ይሆናል! በሐምሌ ማጠቢያው ተዘግቶ ዘበኛው እንኳ እርሻው ላይ ነው፤ ዝናቡ ወንዙን አጥቦ አጥቦ የሕፃን እንባ አስመስሎታል። የቡና አገር ሰው ሆኖ ውሃን በሐምሌ የሚመረምር ሰው እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ላይኛው ምንጭ ሩቅ ነው፣ ቧንቧው አይበቃም፣ ለምረቃው አይደርስም ተባለ። ታሪኩ ደግሞ ልማት በመጣ ቁጥር የሚያጉረመርሙ አይጠፉም አለና አየኝ። አጨበጨቡለት። እጅ አንሡ ተባለ፣ እጅ ተነሣ። የእኔ ጭኔ ላይ ቀረ፤ ቃለ ጉባኤው ግን በሙሉ ድምፅ ይላል።

ምረቃው ደግሞ ቀን አጥቶ ህዳር ላይ ዋለ። ማጠቢያው በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት፣ ገለባው እንደ ተራራ በተከመረበት ሰሞን። ያን ዕለት አንተም ነበርክና ብዙ አልዘረዝርልህም። በሬው፣ ድንኳኑ፣ ቲሸርቱ፣ የእኔን የምክር ቤት አባሏን ወንበር ወስደው ከዲላ ለመጣው ባለ ካሜራ መስጠታቸው። ንግግርህንም አስታውሰዋለሁ፤ ከእንግዲህ የእናቶቻችን ጀርባ ከጀሪካን ተገላገለ አልክ። እማዬ የሹም እናት ናትና ከፊት ተቀምጣ ነበር። አንተ ጀርባ ባልክ ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች።

ከዚያ ቧንቧው ተከፈተ። አስነጠሰ፣ አስነጠሰና ያ ነገር መጣ። ውሃ ልለው አፌ አይታዘዝልኝም። ቀለሙን አይተሃል። ሽታው እኔ ከቆምኩበት ከድንኳኑ ጫፍ ደርሷል፤ የበሰበሰ የቡና ገለባ ሽታ፣ ከርሞ የተረሳ የጠላ አተላ የሚሸተውን የሚሸት። አላወቅሁትም እንዳትለኝ። ልጆች ሆነን በለቀማ ወራት ከብቶቹን ወደዚያ ስንነዳቸው አፋቸውን ነክረው ፊታቸውን አያዞሩም ነበር? ገብተህበት እግርህ የቆሰለ ጊዜ በቅቤ ያሸሁህ እኔ አይደለሁም?

እኛ ዘንድ ደግሞ ያልቀመሰ አያጠጣም። ዋንጫ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይጎነጫል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንግዳ እጁን የሚዘረጋው። እማዬ ይህን በኩርኩም ነው ያስተማረችን። ታሪኩ ብርጭቆውን ሞልቶ ሲሰጥህ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ያለው ለካሜራው ብሎ አይደለም፤ ስትቀምስ ሊያይ ነው። እኔ አፍንጫህን ጨምድደህ ብርጭቆውን ታስቀምጠዋለህ፣ ይህ አይጠጣም ትላለህ ብዬ እየጸለይኩ ነበር። አንተ ግን ብርጭቆውን አየኸው፣ ባለ ካሜራውን አየኸው፣ ግጥም አደረግኸው። ይጣፍጣል አልክ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፤ ሰው ከደስታ ብዛት መስሎት ይሆናል፣ እኔን ግን አቅለሽልሾኝ ነው።

በማግስቱ ታሪኩ ላይኛውን ምንጭ ዙሪያውን በአጥር አሳጠረና ቁልፍ አስገባለት። ቦኖ የገባለት ሕዝብ ምንጭ ሲሄድ ከታየ ሪፖርት ይበላሻል አለ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ለገዛ ቤቱ በአህያ የሚያስቀዳው ከዚያው ምንጭ መሆኑን አገር ያውቃል፤ አህያዋ ራሷ መንገዱን ለምዳ ብቻዋን ትሄዳለች። ያቺን አህያ ባየሁ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል። እኛ ደግሞ ያ ነገር ከሚወርድበት ቦኖ ፊት ተሰልፈን ክረምት እስኪገባ እንድንጠብቅ ነው ምክሩ።

ትንቢት የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለችን፣ ጎበዝ ልጅ። መጀመሪያ አፍልታችሁ ጠጡ አለችን። ሲፈላ ሽታው ባሰበት፣ ቤቱን ሁሉ ያዘው። የሕፃናት ሆድ መላወስ ሲጀምር ወረዳ ድረስ ሄደች። የተመረቀ ቦኖ እንደ ችግር አይመዘገብም ብለው መለሷት። አየህልኝ? እኛ እኮ ንጹህ ውሃ ያገኘን ሕዝብ ነን። ከእንግዲህ ውሃ የለንም ብንል ውሸታሞቹ እኛ ነን።

ሰው እንደምንም መላ አበጀ። የጎረቤት ቀበሌ ምንጭ ድረስ ገደሉን ወርደን ወጥተን እንቀዳለን። እኔም ለእማዬ አመጣሁላት። እማዬ ግን አሻፈረኝ አለች። ያመጣሁላትን ለዶሮዎቹ ደፋችው። በየማለዳው ኩባያዋን ይዛ ቦኖው ዘንድ ትሄዳለች፣ ሴቶቹ እያዩዋት ቀድታ ትጠጣለች። ልጄ የቀመሰውን ነው የምጠጣው ትላለች። ጎረቤታችን አልጣሽ ልጇ ታሞባት ስለነበር አንድ ቀን አላስቻላትም፤ እስቲ ያን ልጅሽን አምጪውና ዛሬም ይጠጣልን አለቻት በሰው ፊት። እማዬም ሁለተኛ ኩባያ ቀድታ ቆማ ጠጣችላት።

አሁን ደግሞ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። የምረቃው ዕለት እማዬ ቤት ውስጥ ቆጮና አይብ አዘጋጅታልህ ነበር። ልጠራህ ብዬ ከመኪናዎቹ ጀርባ መጣሁ። ጎንበስ ብለህ ጣትህን ጉሮሮህ ውስጥ ከትተህ ነበር። ሹፌሩ ኮትህን ይዞልሃል። ከዚያ በታሸገ ውሃ አፍህን ተጉመጠመጥክ፣ ተጉመጠመጥክ፣ አልበቃህም። ልጥራህ ብዬ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁና ተመለስኩ። እማዬን ሥራ በዝቶበት ነው የሄደው አልኳት። ለማንም አልተነፈስኩም፣ ወንድሜ ነህና። ግን ተጸየፍኩህ። ታሪኩን መጸየፍ ቀላል ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ የገዛ ቤተሰቡ ይፈርበት። አንተን ግን ያጠብኩህ፣ ያጎረስኩህ እኔ ነኝ። ራሴን የተጸየፍኩ ያህል ነው የሆነብኝ። እስካሁን እህል በላሁ በምልበት ጊዜ ሁሉ ያ ጎንበስ ያለ ጀርባህ ይመጣብኛል።

እማዬን ከገና በፊት ሆዷን ያዛት። መጀመሪያ ብርድ ነው አለች። ከዚያ ምግብ እምቢ አላት። አሁን ከአልጋ አትነሣም፣ ስደግፋት ቀልላለች፣ ደርቃ የቀረች የእንሰት ቅጠል ሆናለች። እንደዚያም ሆና ኩባያዋን ከቦኖው ሞልቼ እንዳመጣላት ታዘኛለች። ባለፈው እሑድ ከጸሎት ቤት ስመለስ እንደገና ስታዘኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ጮህኩባት። ልጅሽ ተፍቶታል አልኳት። እሱ ጠጣው እያልሽ በአገር ፊት የምትጠጪውን ውሃ ልጅሽ ከመኪና ጀርባ ሄዶ አስታውኮታል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ አልኳት።

የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። ካንቺ በፊት አይቼዋለሁ አለችኝ። እሷም ልትጠራህ ተነሥታ ኖሯል። አልጣሽና ሌሎቹ ሴቶች ወደ መኪናዎቹ ሲመጡ በወሬ ይዛ የመለሰቻቸውም እሷ ናት። እያወቅሽ ለምን ትጠጫለሽ ታዲያ ብላት፣ ልጅ የተፋውን እናቱ ካልዋጠችው ማን ይውጥለት አለችኝ።

ትንቢት ዲላ ሆስፒታል ቶሎ ትሂድ ብላለች። እኔም ሰው አዘጋጅቼ ነበር፣ ወሳንሳውም ደጅ ቆሞ ነበር። እማዬ የአልጋውን እግር ይዛ አልለቅም አለች። እዚያ ምን ጠጣሽ ብለው ይጠይቁኛል፣ ብነግራቸው የልጄ ስም ይነሣል አለች። በግድ እንዳልወስዳት ጉልበቷ ሳይሆን ዓይኗ አሸነፈኝ።

ስለዚህ ና። ባለ ካሜራውንም ሹፌሩንም ትተህ፣ በአውቶቡስም ቢሆን ና። አባታችን ለዳኝነት ይቀመጥበት በነበረው ሶንጎ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ዛፉ ሥር ቁጭ በልና ውሃው መጥፎ ነው፣ ቀምሼ ተፍቼዋለሁ በላቸው። ሶንጎ ላይ ተቀምጦ የዋሸ የእኛ ቤት ሰው እስካሁን የለም። ቃሉ ካንተ አፍ ከወጣ እማዬ የምትሸፍነው ነገር አይኖራትም፣ ያኔ አልጋውን ትለቃለች። ቧንቧውን ከላይኛው ምንጭ ታስቀጥለው እንደሆነ፣ ታሪኩን ቁልፍ አምጣ ትለው እንደሆነ እሱ ያንተ ሥራ ነው። ይህ ከወንበርህ ያስወጣህ ይሆናል። ያስወጣህ። ወንበር ከሰው የሚበልጥ ከሆነብህ አትምጣ፣ እኔም ሁለተኛ አልጽፍልህም። ግን ከመጣህ አትዘግይ። እማዬ ጠዋት የጠየቀችኝን ነገር ማታ ትረሳለች፤ ትናንት በአባታችን ስም ጠራችኝ።

ይህን ስጽፍ እያየችኝ ነው። ማንበብ ባትችልም ብዕሩን በዓይኗ ትከተላለች። ምን እያልሽው ነው አለችኝ፣ ሰላምታ ነው አልኳት። ደህና ናት በይው፣ ሥራውን እንዳይፈታ አለችኝ። ይህን ለማለት መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ዐረፈች። ይኸው ብዬሃለሁ፤ ደህና ናት።

ጌታ ደጅህን ይጠብቅ፣ ማዕድህን ይባርክ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ለአንተ ብለው የሚውጡት ነገር አያምጣባቸው።

ታላቅ እህትህ