የክራሩ ሁለት ክሮች

ዲላ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት
ጅማ

የኔ እናት፣ እንደምን አለሽልኝ? ጎረቤታችን ታረቀኝ ጭነት ይዞ ወደ ጅማ ስለሚመጣ ይህን ወረቀት ሰጥቼዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን «ደህና ነኝ፣ ሥራ ሞልቷል» እያልኩ ዘጋሁት።

የነርስነት ትምህርቴን አንድ ዓመት ሲቀረኝ ትቼ እመጣለሁ፣ አንተ በክራር እኔ በድምፅ ሆቴሉ ውስጥ አብረን እንሠራለን ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው። ያስጎመጀሁሽ እኔ ነኝ።

እውነቱ ይኸውልሽ። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌማርያም መጀመሪያ ስትቀጥረኝ በምሳ ሰዓት የምር እጫወት ነበር። ሰዉ ግን ስልኩን እያወጣ «ይሄን ክፈቱልን» ማለት ጀመረ፤ እሷም ትልቅ ስፒከር ገዛች። እንዳታባርረኝ ልለምናት ስዘጋጅ «ጋሼ ሙሉጌታ፣ አንተማ አትሄድም፤ ቁጭ ብለህ ስትታይ ቤቱ ያምራል» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምሳ ሳልበላ አትሸኘኝም። ሠርግ ላይ ልሥራ እንዳልል አንድ ሰው በኪቦርድ የአምስት ሰው ሥራ እየሠራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስፒከሩ ይዘፍናል፤ እኔ የሆቴሉን ኩታ ለብሼ ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። ሬኮ መንደር ቡና ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች ፎቶ ያነሱኛል። «ዛሬ አጨበጨቡልኝ» እያልኩ የማወራልሽ ጭብጨባ የስፒከሩ ነው። ክሩም አንድ በአንድ ተበጠሰ። ለማይሰማ ክራር ክር መግዛት ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት፤ ከስድስቱ ሁለት ቀሩ። ስምንት ወር ሙሉ የክሩን መጉደል ልብ ያለ አንድ ሰው የለም፤ ይሄ ነው ያመመኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፤ የኔ እውነት የጠራው መብራት ሲጠፋ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ድርግም አለ። ቤቱ ጭጭ ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከኮቸሬ የመጡ አንድ የቡና ነጋዴ «አባባ፣ ምታ እንጂ! መብራት ለአንተ ምንህ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁለቱን ክሮች ነካ ነካ አደረግሁ። አስተናጋጇ ስመኝ ጠጋ ብላ አየችና «ወይኔ ጋሼ፣ ክሩ የታለ?» ብላ ጮኸች። ሳቁ። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወዲያው መብራት መጣ፤ ስፒከሩ ቀጠለ። እኔም ጣቶቼን ወደ ቦታቸው መለስኩ።

ለአንቺ የሚላከውም ብር የክራር አይደለም። እናትሽ ከጥቅምት ጀምሮ ኢዲዶ እየሄደች ቡና ትለቅማለች፤ ማታ ወገቧን ይዛ ነው የምትገባው። «ለልጅቷ ከሙዚቃው ነው በላት» ያለችኝ እሷ ናት። እኔን እንዳትንቂኝ ብላ ነው።

ድምፅሽ ያምራል፤ በዚህ ዋሽቼሽ አላውቅም። ቢሆንም አትምጪ። መርፌ መውጋት የሚችል ሰው መብራት ሲጠፋም ይፈለጋል።

ከሆቴሉ የላኩልሽን፣ አልጋሽ አጠገብ የለጠፍሽውን ፎቶዬን ጠጋ ብለሽ እይው። ክሩን ቁጠሪ። ከቆጠርሽ በኋላ ልታወርጂው ትችያለሽ፤ አልቀየምሽም።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው፤ የነካሽው ሕመምተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። እኔ ያጣሁትን አንቺ አግኚው።

አባትሽ
ሙሉጌታ

ደግሞ አደራ፣ ይህን አንብበሽ ክር ገዝተሽ እንዳትልኪልኝ። ልጅ ሳለሽ እየነካካሽ «ድንጋይ፣ ድንጋይ» ትያቸው የነበሩት የጣቶቼ ጫፎች ለስልሰዋል። ክሩ ይቆርጣቸዋል።