ለሰሌዳው የጎደለው ስም

ሳቩሳቩ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለአክስቴ፣

ከጀሶው በላይም ከጀሶው በታችም ያለው አካልሽ እንዴት ሰንብቷል? ማሳከኩስ ተወሽ? በሹራብ መሥሪያሽ ዘንግ እንዳታኪው ሐኪሙ ከለከለሽ ሲሉ ሰምቼ ለሐኪሙ አዘንኩለት። ታናሽ እህትሽ ደህና ናት? ወጧን «ጨው በዛበት» እያልሽ ስንት ጊዜ አስለቀስሻት? እኔ ደህና ነኝ፤ ክብደቴ አልቀነሰ፣ ጸባዬ አልተሻሻለ። ዶሮዎችሽም ደህና ናቸው፣ ከአውራው በቀር። የእሱን ነገር ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ ላምባሳ ድረስ የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሾፌር ባልራም ነው። ፖስታውን ዙሪያውን በፕላስተር የጠቀለልኩት ተራራው ላይ በየኩርባው እየቆመ እንዳያነበው ብዬ ነው። ግን ባያነብም የሚነግርሽ አያጣም፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራውን እሱም ሰምቷል። ስለዚህ አፉን ሳይከፍት ሻይ ስጪውና ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢ። ከእሱ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። እኔ ቢያንስ የምዋሸው ለጨዋታ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የመጫወት አቅሙም የለኝም።

ከክፉው ልጀምር። የምግብ ቤትሽ አከራይ መጥቶ ነበር። አልጮኸም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ አቧራውን አየና፣ የጀልባዎቹ ወቅት ሲከፈት ቤቱ እንዲህ ባዶ ከሆነ ለአይስክሬም ነጋዴ እሰጠዋለሁ አለኝ። እግሯ እስኪድን ታገሳት ብለው፣ «እኔ የምፈልገው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ የሚድን እግር አይደለም» አለ። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እሱ ነው ያስፈራኝ። የሚጮህ ሰው ቶሎ ይበርድለታል።

መድኃኒቱ ሰሌዳው ብቻ እንደሆነ ገባኝ። የጀልባ ሰው ከጀልባው ወርዶ መጀመሪያ የሚያየው ወደቡ ላይ ያንን ሰሌዳ ነው፤ የሚበላውም እኛ መጠጥ ቀጂዎቹ የምንወደውን ነው። ባለ ሆቴል ይዋሻል፣ ባለ ታክሲ ይዋሻል፣ ቢራ የሚቀዳልህ ሰው ግን ሥራው ሲያልቅ የት ሄዶ እንደሚበላ ዓይኑን አይተህ ታውቀዋለህ ይላሉ። ዘንድሮም እንደ ወትሮው ባሮቹ በሚዘጉበት ሰኞ በየማድ ቤቱ ዞረን እንበላለን፤ እያንዳንዳችን አንድ ምግብ እንመርጣለን፤ ከዚያ የምግቡ፣ የቤቱና የወጥ ሠሪዋ ስም ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ደግሞ ታውቂያለሽ፣ የራስን ዘመድ ማድ ቤት መምረጥ ነውር ነው። አምና አንዱ የአማቱን ዶሮ መርጦ እስከ ዛሬ በረዶ ቢያልቅበት የሚያበድረው የለም። ስለዚህ እኔ መናኸሪያው ጋ ያለውን የሙንሳሚን ቂጣ በዱባ ወጥ መረጥኩ። እውነት ለመናገር ከልቤ ነው፤ ያ ሰውዬ ዱባውን በተምር ሂንዲ ሲያኮመጥጠው ጠላቴን እንኳ ይቅር እለዋለሁ።

የኛን ቤት የሚመርጥ ሌላ ሰው ግን ያስፈልገኝ ነበር። ኮረብታው ሆቴል መጠጥ የምትቀዳው ሎሳሊኒ በቻይናው ዳክዬ ከታወረች ቆየች። የቀረው አፓኩኪ ነው። አዎ፣ ያው አፓኩኪ፣ የአያቶቻችን አማልክት ወንድማማች ናቸው በሚል ሰበብ ሸሚዜን ለብሶ የሚዞረው። ቢሰድበኝ አልቆጣም፣ ብሰድበው አይቆጣም፣ ሕጋችን ነው። ምረጥልኝ ብዬ ብለምነው ግን «እኔ ሸሚዝህን ተዋስኩ እንጂ አንተ ምላሴን አልተዋስክም» ነው የሚለኝ። ቀምሶ ማመን አለበት።

ታዲያ ማን ያብስል? መጀመሪያ እኔው ሞከርኩ። አትሳቂ፣ እግርሽን ያምሻል። ዓሣውን በጎደሬ ቅጠል ጠቀለልኩ፣ የኮኮናቱን ወተት አፈሰስኩበት፣ በከረጢት አስሬ እንዳንቺ ባሕሩ ዳር ያለው ፍል ውኃ ውስጥ ከተትኩትና ካርታ ልጫወት ሄድኩ። ባሕሩ ሲሞላ ፍል ውኃውን እንደሚውጠው ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ አድጌ ረሳሁት። ስመለስ በከረጢቱ ዙሪያ ዓሦች ይዋኙ ነበር፤ ለመብላት ከውስጠኛው ይልቅ የውጮቹ ይሻሉ ነበር። ለአውራ ዶሮሽ ሰጠሁት። የአውራው ነገር ይኸው ነው፤ ነፍሱን ይማር።

ከዚያ በኋላ ሰው አስጠራሁ። ኮኮናቱን ከመፈቅፈቁ በፊት በጋለ ድንጋይ ላይ ለብለብ አድርጎ ጭሱን ማስያዝ ካንቺ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። እኔ እንኳ በበሩ ቀዳዳ ላይሽ ስሞክር በማማሰያ አባረሽኛል።

አሁን ገብቶሻል። ወረቀቱን አትቅደጂው፣ በጀርባውም ጽፌበታለሁ።

አዎ፣ ልጅሽ ናት። ከሸንኮራ መኪና ሾፌሩ ጋር ሳትጠየቂ የሄደችው ልጅሽ። የባሏ አባት የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ይዞ ለይቅርታ ሲንበረከክ፣ ጥርሱን ሳትነኪው የመለስሽባት ልጅሽ። «ከእንግዲህ ደጃፌን አትረግጥም» ስትዪ እዚያው ነበርኩ። ቃልሽን አላፈረስኩም፤ በመስኮት ነው ያስገባኋት። ደጃፍሽን አልረገጠችም፤ ጉልበቷን ግን መስኮቱ ገሽልጦታል። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ምድጃው ፊት ሄዳ ቆመች። ማማሰያሽን ከተሰቀለበት ላወርድላት ስል እጄን ያዘችኝና «የሷ ነው፣ ተወው» አለችኝ። በሹካ አማሰለች።

የኔ ዕቅድ ቀላል ነበር። እሷ ጓዳ ትሠራለች፣ እኔ አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ ይመርጣሉ፣ እሷ እንደገባችው ትወጣለች፤ አንቺ ምንም አታውቂም። ዕቅዴ ሁሉ እንዲህ ሲያምር ተጠራጠሪ።

ሰኞ ዕለት ልጅሽ ከረጢቱን ውኃው በሸሸ ጊዜ ራቅ ካለው፣ አንቺ ከምትወጂው ትልቁ ፍል ውኃ ውስጥ አስራው ተመለሰች። እንግዶቹ ግን ዘገዩ። ሎሳሊኒ ከዳክዬው ጋር መለያየት አቅቷት ነበር። ሲመጡ ባሕሩ እየሞላ ነው። አፓኩኪ የኔን ሸሚዝ ለብሶ፣ እዚያ ውኃው ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ፣ «እናንተ ቤት ምግቡ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለኝ። «ያንተ ሆድ ስለሰፋ መንገዱን እያመቻቸንለት ነው» አልኩት። ሳቁ። እኔ ዓይኔ ውኃው ላይ ነበር። እንፋሎቱ እየሳሳ መጣ። መንገዱ ማዶ ደግሞ አከራዩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ገመዱን አጣሁት። አንድ ቦታ እግሬ ተቃጠለ፣ ሌላ ቦታ በረደኝ፤ እንፋሎቱ ጠፍቶ ሁሉም ባሕር ሆነ። አፓኩኪ ከወንበሩ ሆኖ «ምነው፣ ዓሣውን ወደ አገሩ ሸኘኸው?» አለ። ሎሳሊኒ «ተወው ባክህ፣ ልጁ ሊያለቅስ ነው» አለችው። ላለቅስ ነበር፣ ለማንም አትንገሪ። አከራዩ ሰዓቱን ሲያይ አየሁት።

ያኔ የጓዳው መስኮት ተከፈተ።

ማንንም ሳታይ፣ ቀሚሷን እንኳ ሳትሰበስብ፣ በመካከላቸው አልፋ ወደ ውኃው ገባች። እስከ ደረቷ ደረሳት። በእግሯ መሬቱን እየዳሰሰች፣ ትኩሱ ሲያገኛት ጥርሷን ነክሳ ቆም እያለች፣ ሄዳ ሄዳ ጎንበስ አለችና ከረጢቱን አወጣችው። ፊቷን ያላየ እንኳ አካሄዷን ያውቀዋል አክስቴ፤ ያንቺ አካሄድ ነው፣ ንዴት የሚነዳው አካሄድ።

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈታችው። እጇ ቀልቶ ነበር። አፓኩኪ ቀልዱን ሁሉ ረስቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናትሽ መምጣትሽን ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቃት። አታውቅም አለችው። «ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ወጣሽ?» አላት።

«ዓሣው ሊበላሽ ነበር» አለች።

በየሳህኑ አወጣችላቸው። በሉ። አክስቴ፣ እኔ ብዙ ጠረጴዛ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የበላ ጠረጴዛ አላየሁም። ወተቱ ውስጥ ጭሱ አለ፤ የጎደሬው ቅጠል አፍ አያሳክክም፤ ዓሣው ከአጥንቱ በራሱ ፈቃድ ይለያል። ሎሳሊኒ በዳክዬ የሞላ ሆዷን እየያዘች ሁለተኛ አወጣች። አፓኩኪ አጥንቱን መጠጠ፣ የራሱን ጨረሰ፣ ሳይጠይቅ የኔን ወሰደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ እያለኝ ተዘረፍኩ። ከዚያ ጎድጓዳውን የኮኮናት ቅርፊት አንስቶ የሥር መጠጣችንን ያንጎናውን ቀዳና፣ መጀመሪያ ለእሷ ሰጣት። ወጥ ሠሪ ይቅደም አለ። አጨበጨብን፣ ጠጣች።

ስለዚህ ምግቡ ተመረጠ። አከራዩም ሰሌዳው ላይ የቤቱ ስም ካየሁ አይስክሬም ነጋዴው ሌላ ቦታ ይፈልግ ብሏል፤ ይህንን ያለው አንድ ሳህን ከበላ በኋላ ነው። ግን ነገሩ አላለቀም። ሰሌዳው ያለ ወጥ ሠሪ ስም አይሰቀልም። ልጅሽ «የእናቴን ስም ጻፉ፣ እጁ የሷ ነው» አለች። አፓኩኪ አሻፈረኝ አለ፤ «ላምባሳ ተቀምጣ እዚህ ባሕር ውስጥ ዓሣ የምታወጣ ሴት አላውቅም። ያየሁትን ነው የማስጽፈው፤ ካልሆነ መርጬው አልነበረም» አለ። እሷ ደግሞ እናቴ ሳትፈቅድ ስሜ በቤቷ ስም ሥር አይጻፍም ብላ ደረቀች። ሁለቱንም ሰደብኳቸው፤ አንዳቸውም አልሰሙኝም። ድርቅናውን ከየት እንዳመጣችው አልጠይቅሽም።

አንዴ ከታየች በኋላ መደበቅ ቀረ። ማክሰኞ ባሏ በጭነት መኪናው መጣ። አልገባም፤ መንገዱ ላይ ቆሞ ልብሷን አቀበለኝ፣ ደህንነትሽን ጠየቀ፣ እግሯ በየትኛው በኩል ነው የተሰበረው አለኝ። በግራ ስለው፣ በጣም የሚገርም መልስ እንደሰጠሁት ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየ። ትንሿንም ይዟት መጥቶ ነበር። ልጅ እንደወለዱ ሰምተሻል፤ ሲነግሩሽ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ጎደሬሽን መላጥ መቀጠልሽን አይቻለሁ። እሷንም በመስኮት ተቀበልኩ፤ ሁለቱም «ትንሿ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አታውቅም፣ መናከስ ግን ታውቃለች።

ትናንት ሠዓሊው ሰሌዳውንና ቀለሙን ይዞ መጣ። የምግቡን ስም ጻፈ፣ የቤቱን ስም ጻፈ፣ ብሩሹን አንስቶ «የወጥ ሠሪዋስ?» አለኝ። ልጅሽ ጀርባዋን ሰጥታን ድስት ታጥባለች። እኔ መጨቃጨቁ ሰለቸኝና፣ የመጣው ይምጣ ብዬ፣ ጮክ አድርጌ ያንቺን ስም ጠራሁለት።

ከጠረጴዛው ሥር «አቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ትንሿ የሽንኩርት ልጣጭ ይዛ ቁጭ ብላ ታየኛለች። እንደገና ስምሽን ጠራሁ፣ ቀስ ብዬ። እንደገና አቤት አለችኝ፤ ስሜን እየደጋገመ የሚጠራኝ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል በሚል ዓይን። ቀና ስል ድስቱ መታጠቡን አቁሟል። ልጅሽ ግን አልዞረችም።

ሠዓሊውን ቅዳሜ ተመለስ አልኩት። መስመሩ ባዶ ነው። ባልራም ነገ ጠዋት ከላምባሳ ሲነሳ አንድ ስም ብቻ ላኪልኝ፤ የማንንም ስም ጻፍ ብትዪ እጽፋለሁ። እኔ ሌላ ነገር አልጨምርም። ሁሌ ዝም በል ትዪኝ የለ፣ ይኸው ዝም አልኩ።

እግዜር አጥንትሽን ያጥናው፣ ሌላውን ያላላው። ታናሽ እህትሽን ሳሚልኝ፣ ወጧንም አንድ ቀን ሳትነቅፊ ብዪላት። ስትመጪ መናኸሪያው ድረስ የሚቀበልሽ ሰው አታጪም፤ ከኛ አንዷ ግን ትናከሳለች።

በማማሰያሽ ያደገው
የወንድምሽ ልጅ