አዳራሽ ውስጥ ስለቀረው ጃኬት

ለተከበሩ አቶ ይገዙ
የሰፈራችን የእርዳታ አሰባሳቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዘንድሮ ክረምት ብርዱ ከፍቷልና ቢሮዎ እንዲሞቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነኝ። በርዎ ድረስ መጥቼ ሳላንኳኳ ስለተመለስኩ፣ ምስጋናዬን በሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በምለጥፈው በዚህ ጽሑፍ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ደቡብ ውስጥ ተራራ ተንዶ መንደር በዋጠ ሰሞን፣ ቤት ለቤት ዞረው ልብስ ስላሰባሰቡ እናመሰግናለን። እናቴ ዘመነችም ዓምና የሞተውን የወንድሜን፣ የዳዊን ሰማያዊ ጃኬት አጥባ ሰጥታለች። ሣጥን ውስጥ ከሚቀመጥ በሕይወት ያለ ልጅ ይሙቀው ብላ ነው።

፪. ልብሱን መኪና ላይ አስጭነው፣ «ደርሰንላችኋል» የሚለውን ባነር አስዘርግተው፣ ፎቶ ካስነሱ በኋላ፣ የክብር እንግዳው ስላልመጡ መልሰው የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ስላስወረዱትም እናመሰግናለን። ያለ ርክክብ ሥነ ሥርዓት የተላከ ልብስ እንደማያሞቅ እኛ አናውቅም ነበር። የአዳራሹን ጥበቃ ጋሽ መገርሳን መቼ ይሄዳል ብዬ ብጠይቃቸው፣ ልብሱ እንግዳ እየጠበቀ ነው አሉኝ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ተፈናቃዮችም እየጠበቁ ነው።

፫. እርጥበት እንዳያበሰብሰው ገመድ ላይ ስላሰጡልን ግን ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ሲመሻሽ ከፌርማታው ስመለስ፣ ልብሶቹ አዳራሹ ውስጥ ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። የዳዊ ጃኬት መስኮቱ ጋ ነው። በተሰበረው መስታወት ነፋስ ሲገባ እጅጌው ይነሳል። እንዳላየው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ ካለፍኩ በኋላ ግን ዞሬ አያለሁ። ወንድሜን ቀብረነው ነበር፤ እርስዎ በየምሽቱ ያቆሙልኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዎት፣
ጎረቤትዎ ፋሲካ፣ የዳዊ እህት

ማስታወሻ፦ እናቴ የመኪናውን ፎቶ በጎረቤት ስልክ አይታ፣ ጃኬቱን ከጭነቱ አናት ላይ ለይታ፣ ደረሰ ብላ ካለቀሰች ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሯል። ማንበብ ስለማትችል ይህን አታየውም፤ ያነበባችሁ ጎረቤቶችም እባካችሁ አትንገሯት። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙም ከቤት አትወጣም፤ ለመድኃኔዓለም ዕለት ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በአዳራሹ በኩል ታልፋለች። እስከዚያ መላኩ ካልሆነልዎ፣ ባነሩን መስኮቱ ላይ ይስቀሉልን። ብርድ ባያስጥልም፣ አንዲት እናት እንዳታይ ይከልላል።