ማዕዘኑ ያልገጠመ ፍሬም

ሰይድዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ለቅሶዬን ልጽፍልህ አይደለም፤ እሱን በቃኝ ብያለሁ። ዛሬ ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፍልህ። ንዴቴ ግማሹ በሌላ ሰው ነው፣ ግማሹ ግን ባንተው ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የነበረው ፍሬም ቤትህ ከነጎረቤቶቹ ፈርሷል። አሁን በዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። እኔና ልጃችን፣ ሃያት፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገብተናል። ግድግዳው ምስማር አልቀበልም ብሎ አስቸግሮናል፤ እስከ ዛሬ አንድም ነገር አልሰቀልንም። የሱቅህን ዕቃ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። ልፈታው አቅም አጣሁ።

የቅዳሜያችንን ነገር ግን አልተውኩም። ትዝ ይልሃል? በስምንት ሰዓት ሱቁን ትዘጋና ኤግዚቢሽን ፍለጋ እንወጣ ነበር። የሥዕል ይሁን የፎቶ፣ የቴምብር ሰብሳቢዎች ይሁን የቁልቋል ወዳጆች ስብሰባ፣ መግቢያው ነፃ ከሆነ አንቀርም። እኔ ሥዕሉን አያለሁ፣ አንተ ፍሬሙን። ዙሪያህን ገልመጥ ታደርግና የትንሿን ጣትህን ጥፍር ማዕዘኑ ላይ ትሞክራለህ። ጥፍር ከገባ አለቀ፤ ሥዕሉን ማንም ይሣለው፣ ላንተ አይረባም። ከዚያ የአስተያየት መዝገቡን ከፍተህ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትህ «ማዕዘኑ አልገጠመም» ብለህ ስምህን ከነአባትህ ትጽፋለህ። እኔ በሐፍረት ሻሼን ወደ ግንባሬ ስቤ ደጅ እጠብቅሃለሁ። የቁልቋሎቹ ስብሰባ ላይማ ፍሬም ብታጣ የጠረጴዛውን ማዕዘን ሞክረህ ጽፈሃል!

ዛሬ የድሮዋ ፒያሳ የፎቶ ኤግዚቢሽን ተከፈተ ሲሉኝ ብቻዬን አራት ኪሎ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አንተን። ሱቅህ ውስጥ መጋዝህን ይዘህ፣ እርሳስህን ጆሮህ ላይ ሰክተህ። መነጽሬን አድርጌ ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ «ስሙ ያልታወቀ የእጅ ባለሙያ» ይላል። ስሙ ያልታወቀ! የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ የሠርግ ፎቶውን ባንተ ፍሬም አይደል እንዴ የሰቀለው? ፎቶ አንሺው ስምህን ቢጠይቅ ምን ይጎድልበት ነበር? ይህ አልበቃ ብሎ ደግሞ አንተን በጥቁር ፕላስቲክ ፍሬም! ማዕዘኑን ሞከርኩት። ጥፍር ቀርቶ ሳንቲም ይገባል።

አስተባባሪዋን ጠርቼ ባሌ ነው፣ ስም አለው አልኳት። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዘጋጁ ሳይፈቅድ ጽሑፍ መቀየር አንችልም አለችኝ። እኔም በሕይወቴ ነክቼው የማላውቀውን የአስተያየት መዝገብ ከፈትኩ። «ማዕዘኑ አልገጠመም፤ ሰውየውም ስም አለው» ብዬ ስምህን ከነአባትህ ጻፍኩ። ሴትዮዋ አነበበችው፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ በራሷ እጅ ስምህን ከፎቶው ሥር ጻፈች። የተሻለ ፍሬም ካለኝም እንዳመጣ ነገረችኝ።

ወደ ቤት በረርኩ። ብርድ ልብሱን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ፈታሁት። ከመጋዝህና ከማስመሪያህ መሃል አንድ ባዶ የዋንዛ ፍሬም ወጣ። ልኩን ሳየው አወቅኩት፤ የሠርጋችን ፎቶ ልክ ነው። ያ ሠላሳ ዓመት ካኪ ፖስታ ውስጥ የኖረው፣ ባነሳሁብህ ቁጥር የሌላ ሰው ሙሽራ እያስቀደምክ ነገ እሠራዋለሁ የምትለኝ። ማዕዘኖቹን በጥፍሬ ሞከርኩ። በሦስቱ አልገባም። በአራተኛው ገባ።

በመጨረሻው ክረምት የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅህ ነበር የምትይዘው። ለካ ያን ጊዜ ነው የሠራኸው። አልገጥም ሲልህ አፍረህ ደበቅከው። ከእኔ! አሁን ገባህ ለምን እንደተናደድኩብህ? እኔ ጥፍሬን አሹዬ የምመጣብህ መሰለህ?

ይህን ፍሬም ለማንም አልሰጥም፤ ለእነሱ ሌላ እፈልጋለሁ። ነገ ሃያት መሰርሰሪያ ከጎረቤት ትዋሳለች፣ የሠርጋችን ፎቶም ከነክፍተቱ ይሰቀላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሯችን እወጣለሁ። ማዕዘን እሞክራለሁ፣ ባገኘሁት መዝገብ ሁሉ ስምህን እጽፋለሁ፤ እኔ እያለሁ ስሙ ያልታወቀ የሚልህ የለም። ቤት ስመለስ ደግሞ ያችን አራተኛ ማዕዘን በጥፍሬ እነካታለሁ። በእሷ ላይ ምንም አስተያየት የለኝም።

ያንተው ዘይነባ