ዜሮና ጭረት

ሰኞ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2000

ስልኩ ዛሬም ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ጮኸ። ሳላየው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። መምህር ሙሉቀን ነው፣ የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር ሊቀመንበር። "ስንት ሆነ?" ይላታል ሚስቴን፣ እሷም ጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ዘይነብ "አስራ አንድ" ትለዋለች። ከዛ ትስቃለች። አስራ አንድ ምኑ ያስቃል?

ነገሩ የዝናብ ነው። ማኅበሩ አባሎቹን የዝናብ መለኪያ አሠርቷቸዋል። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ የተለጠፈበት። የጎንደሩ፣ የኛው፣ ግቢያችን መሀል እንጨት ላይ ታስሯል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው ስንት ሚሊ እንደደረሰ ይታያል፣ ይጻፋል፣ ይደፋል። አዘዞ አንድ አለ፣ እንፍራንዝ አንድ፣ አዲ አርቃይ አንድ፣ ደባርቅ አንድ። ተማሪው የሌላ አገር ዝናብ ከመጽሐፍ ከሚሸመድድ የራሱን አገር ይማር ነው ሐሳቡ። ሸጋ ሐሳብ ነው። ክፉ አልልም።

ግን በሰኔ ዘይነብን ጸሐፊ አድርገው መረጧት። ከዛ ወዲህ፦
1. ስልክ በየቀኑ።
2. "ሙሉቀን እንዳለው" በቀን አራት አምስት ጊዜ።
3. አዲስ ሻርፕ። ከራሴው ሱቅ ነው ያነሳችው።
4. ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ደባርቅ ስብሰባ። ሦስት አዳር።

እኔ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ስለ ዝናብ የማውቀው ሲዘንብ ገበያ እንደማይኖር ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

እሷ ስትሄድ የማነበው እኔ ነኝ። ዛሬ አስተማረችኝ። ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከውሃው እኩል አድርግ፣ ጻፍ፣ ድፋ። ካልዘነበ ዜሮ። ሳታይ ካለፈህ ግን ዜሮ እንዳትጽፍ፣ ጭረት አድርግ። "ዜሮ ማለት አይቻለሁ፣ የለም ማለት ነው። ጭረት ማለት አላየሁም ማለት ነው። ሙሉቀን እንዳለው..." ከዛ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

ሱቅ ለጎረቤቴ ለአያ ደሴ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "የኛ ማኅበር ጠላና ዳቦ አለው። የሷ ማኅበር ምን አለው? ዝናብ?" አለኝ። ለሚስቱ ማንም በየቀኑ ስለማይደውልላት ነው የሚስቀው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ጎህ ሲቀድ ማኪና በር ላይ ቆመ። ሙሉቀን ራሱ ወረደ። ረጅም ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው። ቦርሳዋን ከእጄ ተቀብሎ ጫነው። "አይዞህ ጋሽ ሰዒድ፣ ቅዳሜ እንመልስልሃለን" አለኝ። ጋሽ! በስንት ዓመት ነው የምበልጠው? ቢበዛ በሰባት።

የተሳፈሩት ስድስት መምህራን ናቸው፣ ሁለቱ ሴቶች። ቆጠርኳቸው። ዘይነብ ከኋላ ነው የተቀመጠች፣ እሱ ከፊት። አልሐምዱሊላህ።

ንባብ፦ 14። ራሷ ደውላ ተቀበለችኝ። ስለ ብርዱ አወራችኝ። ሻርፑ ጠቀማት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ዛሬ ያደረግኩትን እንዳለ ልጻፈው።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላገኘኋትም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ በሷ ቁጥር ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። የሱ ድምፅ ነው። "ጋሽ ሰዒድ፣ ስንት ሆነ?"

የሚስቴ ስልክ በሱ እጅ! ገና ወደ መለኪያው አልወጣሁም ነበር። "ዜሮ" አልኩት።

"ዜሮ?"

"ዜሮ።"

ዘጋሁበት። ወጣሁና ሃይላንዱን ሳላየው ደፋሁት። ከባድ ነበር። እጄ ረጠበ።

ልጄ ሰሚራ ከደጃፉ ታየኝ ነበር። "አባዬ፣ ትናንት እኮ ዘንቧል። የተሰጣውን ልብስ እኔ አይደለሁ ያስገባሁት?" አለችኝ። ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ አልኳት። ሐምሌ ላይ ምን ጥናት አለ? አየችኝና ገባች።

ከሰዓት ዘይነብ ደወለች። የአዘዞው ሃያ አንድ ጽፏል፣ የኛ ዜሮ። አዘዞ እኮ እዚሁ እግራችን ስር ነው። የጎንደሩ አይታመንም፣ ከግራፉ ይውጣ ያሉ አሉ። "የኔ ባል ያላየውን አይጽፍም አልኳቸው" አለችኝ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ግራፉን በሁሉም ፊት የምታቀርበው እሷ ናት። ከነዜሮው።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "ልጆቹ ደህና ናቸው" አልኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ሱቅ አልከፈትኩም። ንባብ፦ 6። ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ከውሃው እኩል አድርጌ። ከዛ ደወልኩ። ያነሳው እሱ ነው፣ ሌላ ማን ሊያነሳ።

"የሷ ስልክ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?" አልኩት መጀመሪያ።

"የሁላችንም ስልክ እዚህ ነው። ኔትወርክ ከትምህርት ቤቱ በር በቀር የትም አይዝም። አግዳሚ ላይ ደርድረን የቀረበ ያነሳል። ስንት ሆነ?"

"የዛሬው ስድስት። የትናንቱን ግን አላየሁትም። ሳላይ ነው የደፋሁት።"

በስልኩ ነፋሱ ይሰማል።

"ምነው ጋሽ ሰዒድ?"

ተናድጄ ነበር አልኩት። በማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ገብቶታል መሰለኝ።

"ትናንት ዜሮውን ብጠራጠር ልትበላኝ ነበር" አለ። "እኔ አልነግራትም። አንተው ንገራት። ጠብቅ፣ ግራፉን ልትሰቅል ነው።" ሲሮጥ ይሰማኛል። በዚያ ብርድ፣ ለኔ ስህተት።

መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ነገርኳት። "እሺ" ብላ ዘጋች። ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ በስልክ አይታወቅም።

ጁምዓ ሰገድኩ። ኢማሙ ስለ ምን እንደተናገረ አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ንባብ፦ 17። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች። ልጆቹን ሳመች፣ በላች፣ እግሯን ታጠበች። እኔን ምንም። ልጆቹ ሲወጡ ነው የተናገረች።

"ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ዜሮውን ሰረዝኩት። ባለቤቴ አላየውም፣ ጭረት ነው አልኩ።"

"አፈርሽ?"

"በጣም።"

መሬት መሬት አየሁ። ከዛ የእንፍራንዙ መምህር እጁን እንዳወጣ ነገረችኝ። እሱም ሁለት ቀን ገምቶ ጽፎ ኖሯል። ቀጥሎ ሙሉቀን፣ አንድ ቀን። ማኅበሩ ከዛሬ ጀምሮ የጭረት ቀን ያለው ሳያፍር ያስመዝግብ ብሎ ወሰነ። ሙሉቀንም ዋሽቶ ማወቁ ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የግራፉን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ተወችልኝ። ከላይ "አንባቢ" በሚለው ቦታ የሁለታችን ስም አለ። ከሰኔ ጀምሮ። አንድ ቀን እንኳ ሳላነብ። የሐሙስ ጭረት ከስሜ ስር ቀይ ሆና ተጋድማለች።

"ምን መስሎህ ነው ግን?" አለችኝ።

ነገርኳት። ስልኩን፣ ሻርፑን፣ ሳቁን። ሰምታ ስትጨርስ "ያየኸው አለ?" አለች።

"የለም።"

"እንግዲያ እኔም ላይ ዜሮህን አትጻፍብኝ" ብላ ተነስታ ሄደች።

እሁድ፣ ሐምሌ 13

የሰኞውን ዝርዝሬን አስተካክዬ ደገምኩት፣ ሳቁንም ጨመርኩበት።
1. ስልክ፦ ዝናብ ነው።
2. ሻርፕ፦ ብርድ ነው።
3. ደባርቅ፦ ስድስት ሰው፣ አግዳሚ፣ ኔትወርክ።
4. ሳቁ፦

ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ዘጠኝ። ጻፍኩ፣ ደፋሁ። ስልኩ ጮኸ፣ እኔ አነሳሁ። "ስንት ሆነ ጋሽ ሰዒድ?" "ዘጠኝ።" አመሰገነኝና ዘይነብን ፈለጋት። ሰጠኋትና ሃይላንዱን ልመልስ ወጣሁ።

ከውስጥ ስትስቅ ሰማሁ። በምን እንደሆነ አልሰማሁም።

4. ሳቁ፦ —